የቦምቤው ሰርግና የጋለው ኮምፒውተር

ባለቤቴ ጭኑ ተሰብሮ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ መኝታ ክፍላችን አልጋውንም፣ ክራንቹንም፣ የሚያስታምመውንም ሰው አንድ ላይ የሚችል ስላልነበረ ሳሎኑን አስለቀቅኩለት። ሶፋውን ጎረቤት አስቀመጠልን። ቴሌቪዥኑ ጓዳ ገባ። መስኮቱ ሥር የነበረው የሥራ ጠረጴዛዬ ወደ ጥግ ተገፋ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው የኮምፒውተሩ ሣጥን ደግሞ ወርዶ የመጻሕፍት መደርደሪያው የታችኛው ክፍል ውስጥ ተሸጎጠ። መስኮቱን ለእሱ ተውኩለት። ተኝቶም ቢሆን የዳሞታን ተራራ ይይ ብዬ ነው። ያን ጊዜ ልሰጠው የምችለው ሌላ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ወደ ሶዶ የመጣሁት ከደብረ ብርሃን ለትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲውን ጨርሼ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ እሱን ተዋወቅኩና ቀረሁ። እሱ የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነው። እኔ የሰርግ፣ የምርቃትና የመዘምራን ቪዲዮ እቀርጻለሁ፣ አቀናብራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሥራ ሲደራረብብኝ እሱ ሁለተኛዋን ካሜራ ይዞ ይወጣል። ኮምፒውተሩንም ዕቃ በዕቃ እየሰበሰበ የገጣጠመልኝ እሱ ነው። ቪዲዮ ሲቀናበር ፕሮሰሰሩ ስለሚግል፣ ከተራ ማራገቢያ ይልቅ በውሃ የሚያቀዘቅዘውን ዓይነት አስገባለት። ፕሮሰሰሩ ላይ ትንሽ ፓምፕ ተቀምጣለች፤ ከእሷ ሁለት ጎማ ቱቦ ይወጣና እንደ መኪና ራዲያተር ያለ ነገር ጋር ይገናኛል። ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ራዲያተሩ ላይ ይበርዳል፣ ይመለሳል። ሲያስረዳኝ እጁን እያዞረ ነበር፤ ተማሪ ፊት እንደቆመ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ሁለት ሥራ ገጠመኝ። አንዱ እዚሁ ሶዶ የቀለበት ፕሮግራም፣ ሌላው ቦምቤ ሰርግ። ሩቁን ለእሱ ሰጠሁት። ምክንያት አላጣሁም። የሙሽራዋ ቤተሰብ በወላይትኛ እንደ ልቡ የሚጫወት ሰው ይሻላቸዋል፤ የእኔ ወላይትኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም። ነገር ግን ያን ቀን በጠዋት ወጥቼ ሰማዩን አይቼ ነበር። የበልጉ ደመና ዳሞታ ላይ ጠቁሮ ተኝቷል። ቅርቡ ለእኔ ይሁን ያልኩት ያንን ካየሁ በኋላ ነው።

ሲመለስ ከቦምቤ መኪና አጣና ሞተር ላይ ተሳፈረ። አረካ ከተማ ሳይደርሱ ሞተሩ ጭቃ ላይ ተንሸራተተ። ነጂው ክንዱ ተላጠ፤ ባለቤቴ ጭኑ ተሰበረ። ካሜራዋን ደረቱ ላይ አቅፎ ስለወደቀ ካሜራዋን ምንም አልነካት። ሆስፒታል ስደርስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ አይቶኝ መጀመሪያ ያለኝ ቃል፣ “ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው” የሚል ነው። ሸሚዙን በመቀስ ቆርጠው ሲያወልቁለት ኪሱን ፈትሼ ሰርጉ የተቀረጸበትን የካሜራ ካርድ አወጣሁ። ያኔ ያደረግኩት ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እሱ እያቃሰተ፣ እኔ ካርዱ ረጥቦ እንደሆነ በብርሃን እያገላበጥኩ አየሁት።

እግሩ ውስጥ ብረት ገባለት። እናቱ ኪንዶ ዲዳዬ ካለችው ከሃላሌ መጡ። ቤታቸውን ጥለው፣ ቆጮና ቅቤ ተሸክመው፣ ልጃቸው አጠገብ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ሰነበቱ። ልጄን ለምን ላክሺው ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አንድም ቀን አላሉኝም። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ፣ “ልጄ፣ አንተ ምሳ አልበላህም፤ ና ቁጭ በል” ይሉኝና ሙቿ የሚሉትን ምግብ ወደ እኔ ይገፉታል። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ያ “አንተ” የሚሉት ነገር ልቤን ይበላው ነበር፤ ሁለታችንንም አንድ ልጅ አድርገው የሚጠሩን ይመስለኛል።

የቦምቤውን ሰርግ ማቀናበር የጀመርኩት ወር ያህል ዘግይቼ ነው። የሙሽራዋ ቤተሰብ አንዴም ደውለው ቪዲዮው የት ደረሰ አላሉም። ሲደውሉ የሚጠይቁት ስለ እግሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ቶሎ ልጨርስላቸው ቆረጥኩ። ባለቤቴ ተኝቶ እንዳልረብሸው ሄድፎን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው፣ ጥጌ ውስጥ እሠራለሁ። እንዳልረብሸው ነው እል ነበር። ዞር ብዬ ስመለከተው ግን ጣሪያውን ሲያይ አገኘዋለሁ። ቶሎ ወደ ስክሪኔ እመለሳለሁ።

ኮምፒውተሩ መጥፋት የጀመረው ያኔ ነው። ሙሽራው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚወርድበትን ክፍል አቀናብሬ ወደ አንድ ፋይል እንዲያወጣው ኤክስፖርት ስለው፣ ማራገቢያዎቹ እንደ ወፍጮ ይጮሃሉ፤ ከዚያ ድንገት ስክሪኑ ይጨልማል። መብራት የሄደ መስሎኝ አምፖሉን አያለሁ፤ አምፖሉ በርቷል። መልሼ ስከፍተው ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል፣ ደግሞ ይጠፋል። የሙቀት መለኪያውን ከፍቼ ሳይ ቁጥሩ ዘጠናን አልፎ ወደ መቶ ይሮጣል። ሣጥኑን በእጄ ስነካው ከላይ በኩል ያቃጥላል።

መጠየቅ ያለብኝ ሰው ከኋላዬ ተኝቷል። አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ልነሳ ይላል፣ እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ ያመዋል ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። ከዚያ በታች ያለውን ምክንያት ግን አውቀዋለሁ። እሱ በገጠመልኝ ዕቃ፣ እሱ ሊሞትበት ትንሽ የቀረውን ሰርግ እየሠራሁ፣ ደግሞ አልሆነልኝም እርዳኝ ማለት አፌ እምቢ አለኝ።

እናቱ ደግፈውት ለሐኪም ቀጠሮ የሄዱበትን ቀን ጠብቄ ሣጥኑን ፈታሁት። በጋውን ሙሉ ከመንገድ የተነሣው ቀይ አቧራ ራዲያተሩ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። በቀለም ብሩሽ ጠራረግኩት። ደስ አለኝ፤ ችግሩ ይኼ ነው አልኩ። ከዚያ ሌላም ነገር አየሁ። ራዲያተሩ የታሠረው ሣጥኑ ጣሪያ ላይ ነው፤ ሙቀቱን ወደ ላይ ይተፋል፤ እኔ ደግሞ መደርደሪያ ውስጥ ስለሸጎጥኩት ከላዩ ጣውላ ነው ያለው። ትንፋሹን የከለከልኩት እኔ ነኝ። ሣጥኑን ከመደርደሪያው ማውጣት ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም፣ ወይም ያለ አልመሰለኝም፤ አልጋውን በአንድ ክንድ ያህል ማስጠጋት ነበረብኝና እሱን ማስቸገር መሰለኝ። ስለዚህ ብልጥ ሆንኩ። ራዲያተሩን ከጣሪያው ፈታሁና እዚያው ሣጥኑ ውስጥ፣ ከታች ወለሉ ላይ አሠርኩት። ቱቦዎቹ ደረሱ። ብሎኖቹ ገጠሙ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ነጭ ቅባትም ከሞባይል ጠጋኞች በገዛሁት አዲስ ቅባት ቀየርኩት። ከሐኪም ሲመለሱ ሣጥኑን ዘግቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሻይ ጥጄ ነበር።

ለጥቂት ቀናት ደህና ሠራ። ከዚያ ከበፊቱ ባሰ። አሁን ኤክስፖርት ማድረግ ቀርቶ ምስሉን ማጫወት እንኳ አቃተው። ክፍል በክፍል ቆራርጬ ልሠራው ሞከርኩ፤ አንዱን ክፍል ሲጨርስ አስቀምጬ፣ አጥፍቼ፣ እስኪበርድ ጠብቄ፣ ወደ ሌላው። የቤተ ክርስቲያኑንና የግብዣውን ክፍል እንዲህ እየለመንኩ አገባደድኩ። የሽኝቱን ክፍል፣ የቀኑን መጨረሻ፣ ገና አልከፈትኩትም። ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው መንገዱ ነው፤ ለመክፈት አልቸኮልኩም።

ሐምሌ ላይ የሙሽራዋ አባት ከቦምቤ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አቮካዶ በማዳበሪያ፣ ቅቤ በቅጠል ይዘው ነበር። ካፖርታቸው ከካፊያው ረጥቧል። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ሄድፎኔን አውልቄ ተነሣሁና ተቀበልኳቸው። አልጋው አጠገብ ወንበር አቀረብኩላቸው። ጎንበስ ብለው የባለቤቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ለረጅም ጊዜም አለቀቁትም።

“ልይዝህ ይገባኝ ነበር” አሉት በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ መሰለኝ። “እንግዳ በዚያ ዝናብ አይለቀቅም። ቤቴ አልጋ እያለ።”

“ይዘውኛል እኮ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።”

“አልበቃም። የያዝኩህ አልበቃም።”

ጸለዩለት። ከጸሎቱ በኋላ ቤቱ ዝም ባለበት ሰዓት አንገታቸውን ወደ ጓዳው አዘነበሉ።

“ውሃ ጥዳችኋል እንዴ? እየፈላ ነው፣ እንዳይፈስባችሁ።”

እኔም ወደ ጓዳ ዞርኩ። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ ሰማሁት። ከመደርደሪያው ሥር፣ ከሣጥኑ ውስጥ፣ ጉርጉርጉር የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ውሃ ከጠርሙስ አንገት ሲወርድ እንደሚሰማው። ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ስለሚውል ሰምቼው አላውቅም።

ባለቤቴ ጣሪያውን እያየ፣ “ኮምፒውተሩ ነው” አላቸው። “ራዲያተሩን ከሥር ካደረገችው ጀምሮ እንዲህ ይላል።”

እንግዳው ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ፣ “አይ የዘመኑ ዕቃ፣ ሆድ ቁርጠት ይዞታል” ብለው ሳቁ። ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ልጃቸው አዲስ ቤት አጫውተውን፣ ካፊያው ሲያቆም ተነሡ። ስለ ቪዲዮው ትንፍሽ አላሉም። እናቱ ሊሸኟቸው አብረው እስከ ባጃጁ ወጡ። እኛ ሁለታችን ቀረን።

“ታውቅ ነበር?” አልኩት።

“ከሐኪም ስንመለስ የሣጥኑ ብሎን አንዱ ወለሉ ላይ ወድቆ አየሁት። ድምፁ ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ ነው። ራዲያተሩ ከፓምፗ በታች ሲሆን ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ ፓምፗ ውስጥ ይሰበሰባል። ውሃ ሳይሆን አየር ነው የምታሽከረክረው። ለዚህ ነው የሚግልብሽ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ቀኑን ሙሉ እያየኸኝ፣ ስለፋ!”

ብርድ ልብሱን ጠርዙን ይዞ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ቆየ።

“ጆሮሽን ዘግተሽ ነው የምትውዪው። ጀርባሽን ሰጥተሽ። አታናግረኝ ማለትሽ መሰለኝ። እዚህ ተጋድሜ ቤትሽን አጣብቤ፣ ሥራሽን አበላሽቼ፣ ደግሞ ላስተምርሽ ልል ነው?”

ይኼን ሲል ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ኖሮ እመልስለት ነበር። ወንበሩ ላይ፣ እንግዳው በተነሡበት ላይ ተቀመጥኩ። ለሦስት ወር ያህል እሱን ከሥቃይ የምከላከለው መስሎኝ፣ ያደረግኩት ነገር ለካ ሰውየውን ብቻውን ግድግዳ ላይ አፍጥጦ እንዲውል መተው ኖሯል። የተናደድክብኝ መስሎኝ ነው የሸሸሁህ ልለው ፈልጌ፣ ከአፌ የወጣው ሌላ ነገር ነው።

“ያን ጠዋት ደመናውን አይቼው ነበር” አልኩት። “አይቼው ነው ቅርቡን ለራሴ ያደረግኩት።”

“እኔም አይቼዋለሁ” አለ። “ዳሞታ እኮ ከሁሉም ሰው ቤት ይታያል።”

“አንተ ግን ሄድክ።”

“ሄድኩ።” መደርደሪያውን በዓይኑ እያመለከተኝ፣ “አሁን ሣጥኑን ከዚያ ጉድጓድ አውጪልኝ። እዚህ እግሬ ጋ አምጪው” አለኝ።

እናቱ ሲመለሱ አልጋው ላይ የተበተነ ኮምፒውተር አገኙ። በወላይትኛ አንድ ነገር ብለው ሳቁ፤ ልጃቸው ሲስቅ ስለሰሙ መሰለኝ የሳቁት፤ እሱ ከተሰበረ ወዲህ እንደዚያ አልሳቀም ነበር። ትራስ ከወገቡ ኋላ ደርድረን አስቀመጥነው። ሣጥኑን በጎኑ ስናስተኛለት ራዲያተሩን ከሥር ፈታና መልሶ ጣሪያው ላይ አሠረው። ከዚያ እኔ ሣጥኑን አቅፌ፣ ኮምፒውተሩ በርቶ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያደረግኩ እንዳዘነብለው አዘዘኝ። እንደ ሕፃን እሹሩሩ አልኩት። ጉርጉርታው መጀመሪያ ጮኸ፣ ከዚያ እየሳሳ ሄደ፣ ከዚያ ጠፋ። አየሩ ወደ ራዲያተሩ አናት ወጥቶ ነው አለኝ። ቁጥሩ ከዘጠናው ወረደ። እኔ ግን የማየው ቁጥሩን አልነበረም። ጎንበስ ሲል ከንፈሩን ሲነክስ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ሲወርድ ነው የማየው። “ይብቃህ፣ ነገ እንጨርሰዋለን” አልኩት። “አትዪኝ” አለኝ። “ይኼን እንኳ ልሥራ።”

በማግሥቱ ሰርጉን ከፈትኩና ኤክስፖርት ሞከርኩ። ለጥቂት ጊዜ ጥሩ ሄደ። ከዚያ ፓምፗ መፋጨት ጀመረች፤ ጠጠር የገባበት ወፍጮ ዓይነት። ቁጥሩ እንደገና ሽቅብ ሮጠ። ባለቤቴ ጆሮውን ወደ ሣጥኑ አስጠግቶ አዳመጠ።

“አልቆላታል” አለ። “ስንት ሳምንት አየር ስታሽከረክር ከርማ፣ ውስጧ ተበላ።”

“እኔ ነኝ የገደልኳት።”

“አዎ፣ አንቺ ነሽ” አለኝ እየሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ። “ዕቃ ነው እኮ።”

እንደ እሷ ያለ ፓምፕ ሶዶ ውስጥ ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ሁሉ ዞሬ አላገኘሁም። አንዱ ከአዲስ አበባ ይምጣልሽ አለኝ፤ ሌላው በውሃ የሚሠራ ኮምፒውተር መኖሩንም ተጠራጠረ። ስመለስ ባለቤቴ እናቱን ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ካርቶን አስወርዷቸው ይጠብቀኛል። ካርቶኑ ውስጥ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣችው ተራ ማራገቢያ ነበረች፤ ትንሽ፣ ክብ፣ እንደ መጫወቻ። የውሃውን ነገር ነቅለን እሷን ገጠምናት። በእሷ አቅም ፕሮሰሰሩ እንደ ልቡ ይሩጥ ቢባል እንደገና ስለሚግል፣ ባለቤቴ ፍጥነቱን ቀነሰው፤ ከማስተካከያው ገብቶ ከሙሉ ጉልበቱ ትንሽ ዝቅ እንዲል አደረገው። “ይዘገያል፣ ግን አይወድቅም” አለኝ። ያንን ቃል ሲል ሁለታችንም እግሩን አየን።

የቀረው የሽኝቱ ክፍል ነበር። ሄድፎኑን በልምድ ወደ ጆሮዬ ላነሣው ስል አስቀመጥኩትና ስፒከሩን ከፈትኩ። ስክሪኑንም ወደ አልጋው አዞርኩት። ሙሽራዋ የወላይታውን የባህል ልብስ፣ ዱንጉዛ የለበሱ አጎቶቿ መሐል ቆማ ስታለቅስ፣ እናቷ ጉንጯን ሲጠርጉላት፣ መኪናው በጭቃ ሲንቀሳቀስ አየን። ከዚያ ካሜራዋ ሳትጠፋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የቀረጸችው ቅጂ መጣ። የሚታየው የጠረጴዛ ልብስና የሰው ክንድ ግማሹ ነው። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁ ያስፈራል። በዚያ መሐል የአዛውንቱ፣ የሙሽራዋ አባት፣ ድምፅ በወላይትኛ ይናገራል፣ ይናገራል፣ ከፍ ይላል። የባለቤቴ ድምፅ አጭር አጭር ይመልሳል።

“ምን እያሉህ ነው?” አልኩት።

“እደር እያሉኝ።”

“አሁንስ?”

“አልጋው ተነጥፏል፣ ልጄ ከቤት በወጣች ቀን ሌላ ልጅ ቢያድርልኝ ምን አለበት እያሉ።” ስክሪኑ ላይ ክንዱ የካሜራዋን ማንገቻ ሲስብ፣ ሌላ አሮጌ እጅ መልሶ ሲይዝበት ይታያል። የጠረጴዛው ልብስ ይጎተታል።

“አንተስ ምን አልካቸው?”

ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ ሳበ።

“ምን አልካቸው?”

“ሚስቴ ትጠብቀኛለች፣ ብቻዋን ናት አልኩ።”

ቅጂው እዚያ ላይ ያልቃል። ዝናቡ ተቋርጦ የእኛ ቤት ጸጥታ ተተካ። በአደጋው ምሽት እኔ የቀለበቱን ፕሮግራም በጊዜ ጨርሼ፣ እግሬን አጣጥፌ፣ ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር የጠበቅኩት። ብቻዬን መሆኔም ትዝ አላለኝም ነበር።

ለቅሶዬን ሲያይ ቶሎ ብሎ፣ “ሰበብ ነበርሽ እኮ” አለኝ። “ሰው ቤት ማደር እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ብላ ብላ ብለው ሊገድሉኝ ነበር። አንቺን ጠርቼ አመለጥኩ።”

እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ አላወቅኩም። ዛሬም አላውቅም። ሁለቱም ቢሆን፣ የእኔ ስም ተጠርቶ ነው ወደ ዝናቡ የወጣው።

ያንን ቅጂ ቆርጬ ልጥለው እጄ ቁልፉ ላይ ሄደ። የሰርግ ቪዲዮ ነው፤ የጠረጴዛ ልብስ ማን ያያል? ባለቤቴ፣ “ተዪው” አለኝ። “ሽማግሌው ይስሙት።” ተውኩት። ኮምፒውተሩ ሥራውን ሲጀምር ረፋድ ነበር፤ እናቱ ምሳ አቅርበው፣ ዕቃ አጥበው፣ ጎረቤት ጠይቀው እስኪመለሱ እያዘገመ ሠርቶ፣ ሳይጠፋ ጨረሰ።

ቪዲዮውን ይዤ ቦምቤ ራሴ ሄድኩ። በሚኒባስ መስኮት በኩል ያ ቦታ የቱ ይሆን እያልኩ እያንዳንዱን መታጠፊያ አየሁ፤ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፣ ማንንም ልጠይቅ አልደፈርኩም። ቤተሰቡ ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኩት። ሳቁ፣ እርስ በርስ ተጠቋቆሙ፣ የሙሽራዋ እናት እንደገና አለቀሱ። የጠረጴዛው ልብስ ሲመጣ አንዱ ሊያሳልፈው ሪሞቱን አነሣ። አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት። የራሳቸውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲያልቅ መልሱልኝ አሉ፤ መለሱላቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ “እንዲህ አድርጌ ለምኜዋለሁ?” አሉኝ።

“ለምነውታል አባባ። ማንገቻውንም ይዘውበታል።”

“ረስቼዋለሁ። እንዲያው ለአፌ ያህል ብቻ ያልኩ መስሎኝ፣ ስንት ቀን ተኝቼ አላውቅም።” ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ጠረጉበትና ወደ ደጅ ወጡ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ጓሮው ውስጥ ዝንጅብሉ መሐል ቆመው በረጅሙ ሲተነፍሱ። ደስ አለኝ፤ ቀናሁባቸውም። እሳቸው እንደለመኑት የሚመሰክርላቸው ቅጂ አላቸው። እኔ ያን ጠዋት በሩ ላይ ስሸኘው ምን እንዳልኩ የሚመሰክር የለም። ተጠንቀቅ ብዬው ይሆናል። “ባትሪውን አትርሳ” ብቻ ብዬው ሊሆንም ይችላል፤ ራሴን እንደማውቀው ከሆነ እሱን ነው ያልኩት።

እናቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሳይደርስ ወደ ሃላሌ ተመለሱ። ባለቤቴ መስከረም ላይ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያውን ቀን በባጃጅ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አደረስኩትና አብሬው ወረድኩ። ከበሩ እስከ ክፍሉ ያለው ሜዳ ጠጠር ነው። አንድ ክራንች ብቻ ይዟል፤ ሲራመድ ቀኝ ጎኑ ዝቅ ይልና ይነሣል። ተማሪዎቹ ቦርሳውን ሊይዙለት ተሻሙ፤ ለአንዷ ሰጣት። እኔ ከኋላው፣ ቢወድቅ የምይዘው ይመስል እጄን ትንሽ ዘርግቼ፣ ደረጃው ድረስ ተከተልኩት። ደረጃው ላይ ሲደርስ ዞረና አየኝ።

“ሂጂ በቃ” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ተማሪዎቹ እያዩን ነው።”

እጄን ሰበሰብኩ። ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነበር።